ሦስት ደቂቃ ቀንስ

«ለሦስት ደቂቃ ብለው ሰው ይከለክላሉ?» አሉ አማቴ ከመጋረጃው ወዲያ። እኔና በዳዳ ተያየን። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ መሐሉን በመጋረጃ ከፍለን ወዲህ እኔና ባሌ፣ ወዲያ አባቱ አቶ ሰቦቃ እንተኛለን። መጋረጃ ደግሞ ዓይን እንጂ ጆሮ አይከልልም። በዳዳ ያን ዓርብ ከፋብሪካ እንደገባ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ነበር የነገረኝ። የስፖርት ኮሚቴው ጸሐፊ ጓድ ተክለጻድቅ ጠርቶት፣ «ሠላሳ ስድስት ዓመትህ ነው። ማጣሪያው ላይ ማራቶኑን በሁለት ሰዓት ከአርባ ካልጨረስክ በሩጫ ቡድኑ ያለህን ቦታ ለወጣት እንሰጣለን። ሦስት ደቂቃ ቀንስ» ብሎታል። በዳዳ እስከዚያ ቀን የሮጠው ምርጥ ሰዓት ሁለት ከአርባ ሦስት ነበር። ማጣሪያው ደግሞ ለየካቲት መጨረሻ ተቀጥሯል። «እሑድ በመንገዳችን እሞክራታለሁ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ካልቀነስኩ እተወዋለሁ ሙሉነሽ። ኮሚቴው ሲያባርረኝ ከማይ ራሴ ብተው ይሻለኛል።» የአማቴ ጥያቄ የመጣው ይኼኔ ነው። በዳዳ ጫማውን አወለቀና እጁን ሊታጠብ ወጣ።

ባሌና አባቱ ከመስቀል ጀምሮ እንደ ሰው አይነጋገሩም ነበር። የመስቀል ዕለት የካራ ዘመዶቻችን ቤታችን ተሰብስበው፣ አንዱ ስለ በዳዳ ሩጫ ሲጠይቅ፣ አማቴ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «ልጄ አሥር ዓመት ሮጠ፤ የደረሰበት ግን የለም» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በዳዳም አብሮ ሳቀ፤ ያን ሳቅ ግን እኔ አውቀዋለሁ፣ ጥርስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቱ ሲያናግሩት መልሱ «አዎ»፣ «አይ»፣ «እሺ» ሆነ። ሰላምታ አላጓደለም፤ ካፖርታቸውን ያለብሳቸዋል፣ መድኃኒታቸውን ይገዛላቸዋል፤ ጨዋታ ግን የለም። አማቴም ክፉ ሆነው አይደለም። ካራ ሲያርሱ ኖረው እርሻው ሲቀር ነው ቀበና እኛ ዘንድ የገቡት። ልጃቸው በቁምጣ ያንኑ የካራ መንገድ ሲሮጥ የድሮ ጎረቤቶቻቸው ቆመው ማየታቸው ያሳፍራቸዋል። ደግሞስ በዚያ ዘመን መንገድ ላይ የሚሮጥ ሰው ወይ አሳዳጅ ነው ወይ ተሳዳጅ። አንድ ጊዜ እንጦጦ ላይ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ፣ የአብዮት ጥበቃዎች በዳዳን ይዘው «ከማን ነው የምትሸሸው?» ብለውታል። «ከሰዓት ጋር ነው የምሽቀዳደመው» አላቸው። ቀልዱ ስላልገባቸው ግማሽ ቀን አቆዩት። አማቴ ያን ግማሽ ቀን የቀበሌው በር ላይ ቆመው ዋሉ። ልጃቸው ሲወጣ ግን አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ከፊት ከፊት እየሄዱ ቤት ገቡ።

እሑድ ማለዳ የጥር ውርጭ ቆርቆሮው ላይ ነጭ ሆኖ አድሯል። በዳዳ ሶሉን በጎማ ያስጠገነውን ሸራ ጫማ አጥብቆ አሰረ። እዚህ ላይ የእኛን አሠራር ልንገራችሁ። በዳዳ ሰዓት አስሮ አይሮጥም። ያለችን አንዲት የእጅ ሰዓት ናት፤ ላብ ከገባባት አለቀላት። ስለዚህ በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ትንጠለጠላለች፣ ሰዓት ያዧም እኔ ነኝ። ራዲዮው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መሆኑን ሲያበስር በዳዳ ይነሳል። በአሥራ ሁለት የተነሳ ሰው መደመር መቀነስ አያሻውም፤ ሲመለስ ሰዓቷ ላይ የሚታየው ራሱ ውጤቱ ነው። ሁለት ሰዓት ከአርባ ሦስት ካለች፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ ሦስት ደቂቃ ሮጧል ማለት ነው። ፈረንጅ ይህ ዕድል የለውም ይለኛል በዳዳ። መንገዱን ጀይላን የሚባል ሾፌር ጓደኛው በመኪና ለክቶለታል፤ ከደጃችን ተነስቶ በመገናኛና በኮተቤ አድርጎ፣ ካራን አልፎ፣ ለገጣፎ መዳረሻ ካለች አንዲት ግራር ዞሮ መመለስ ነው። መኪናው ያልያዛትን የመጨረሻዋን መቶ ዘጠና አምስት ሜትር ደግሞ እኔና እሱ ከድልድዩ እስከ በራችን በልብስ ሰፊ ሜትር፣ ጎንበስ ቀና እያልን ለክተናታል። ሰፈርተኛው ምን ጠፋባቸው እያለ ሲያየን ነበር።

ራዲዮው ጮኸ፣ በዳዳ ሄደ። ሰዓቷን አየሁ፤ ልክ አሥራ ሁለት ናት። እኔ ደግሞ የቀበሌው ሱቅ ሳሙና ያድላል ተብሏልና ሰልፍ ለመያዝ ነጠላዬን ደረብኩ። አማቴ ተነስተው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ከራስጌያቸው የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀታቸው ተሰቅሏል፤ አምና በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ያገኙት ነው። ፊደሉን ጣት እያስኬዱ ያነቡታል፣ ቁጥር ላይ ግን ጎበዝ ናቸው፤ ሰዓት ማንበብ ከቻሉ ወዲህ ሳንጠይቃቸው በቀን አሥር ጊዜ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይነግሩናል። «አባባ፣ ሰዓቷን ማንም እንዳይነካት ይዩልኝ» አልኳቸው። «ሂጂ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። በሰልፉ ላይ ጎረቤቴ መብሩካ ከኋላዬ ነበረች። እንቁላል ሃያ ሳንቲም መግባቱን፣ ሳሙናው ለአንድ ቤት ሁለት ብቻ መሆኑን፣ የሱቁ ሰው ደግሞ ዘመዶቹን በጓሮ እንደሚያስገባ ነገረችኝ። «ባልሽ ዛሬም እየሮጠ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «የእኔው ሸሪፍ ከአልጋው እስከ በሩ ቢሮጥልኝ ሰደቃ ባወጣሁ» አለች። ከሰልፉ ፊት ያሉት ሴቶች ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ልቤ ግን ኮተቤ ላይ ነበር። ከመተኛቴ በፊት «ይተወው፣ ይረፍ» ብዬ የማስብባቸው ቀናት አሉ። ያን እሑድ ግን እንዲተው አልፈለግሁም። የሚሮጥ በዳዳ ደክሞት ይገባል እንጂ ተሸንፎ አይገባም፤ የማይሮጠውን በዳዳ አላውቀውም፣ ማወቅም ፈራሁ።

ሁለት ሳሙናዬን ይዤ ስመለስ ሰዓቷ ሁለት ሰዓት ከሩብ ትላለች። አማቴ በሩ ላይ ዱካ አውጥተው ተቀምጠዋል። ንጹሑን ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ፊታቸውን ታጥበው፣ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው መስለዋል። ልጃቸው ከሩጫ ሲመለስ ሁልጊዜ ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው፤ በር ላይ ሲጠብቁት አይቼ አላውቅም። የሰዓቷ ማሰሪያ ደግሞ እኔ ከማንጠለጥላት ወገን ተገልብጦ ነበር። ንፋስ ይሆናል ብዬ አቃናኋት። ደብተሬንና እርሳሴን ይዤ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ሁለት ከሠላሳ ሲሆን ድልድዩ ባዶ ነው። ሁለት ከሠላሳ አምስት ሲሆንም ባዶ ነው። ሁለት ከሠላሳ ስምንት ላይ የበዳዳ ነጭ ካናቴራ ከድልድዩ ማዶ ብቅ አለ። አንገቱ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፤ ሲደክመው እንዲያ ነው። ያችን መቶ ዘጠና አምስት ሜትር እየተንገዳገደ መጣና የበራችንን መቃን በመዳፉ መታ።

«ሁለት ከሠላሳ ዘጠኝ» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

በዳዳ ጉልበቱን ይዞ አጎነበሰ። «ስንት?» አለ። ደገምኩለት። ቀና ብሎ ወደ ምስማሩ ሄደና ራሱ አያት። ብዙ ጊዜ አያት። አማቴ ከዱካቸው ተነስተው ከኋላው ቆመዋል።

«ቀነስክ?» አሉት።

በዳዳ ዞሮ አባቱን አየ። ጉንጩ ላይ ላብ ነው ያልኩት በኋላ ሳስበው ላብ ብቻ አልነበረም። «ቀነስኩ፣ አባባ» አለ። አማቴ ወደ እኔ ዞረው «ደረሰ» አሉኝ፣ እኔ እንዳላየሁ፣ ምሥራች እንደሚነግሩኝ። ከዚያ ጆጉን በገዛ እጃቸው አንስተው ለልጃቸው ውሃ አስታጠቡት። ሽማግሌ ልጁን ሲያስታጥብ ነውር ነው ብሎ በዳዳ ሊቀማቸው ሞከረ፣ እምቢ አሉት። እየታጠበ ሳለ «የካራው የቀጀላ ማሳ ዘንድሮ ምን ተዘራበት?» ሲሉ ጠየቁት። «ሽምብራ ነው። አጭደው ከምረውታል።» «ግራሯስ አለች?» «አለች፣ አንድ ቅርንጫፏን ግን ለማገዶ ቆርጠዋታል።» «ክፉዎች» አሉ አማቴ። እንዲህ እያሉ ስለ ካራ መሬት፣ ማን እንደሞተ፣ የማን አጥር እንደፈረሰ ሲያወሩ እኔ ወደ ውስጥ ገብቼ ጨጨብሳ እየቆረስኩ አለቀስኩ። አራት ወር ሙሉ በእኔ በኩል «ለአባባ ንገሪልኝ»፣ «ለልጄ ንገሪው» ሲባባሉ የመልእክተኛነት ሥራ ሰልችቶኝ ነበር።

ጨጨብሳው ቀርቦ ሲበሉ ራዲዮው ሦስት ሰዓት ብሎ ጮኸ። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር፤ ልማድ ሆኖብኝ ቀና ብዬ ሰዓቷን አየሁ። ለሦስት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ጉዳይ ትላለች። ጧት ልክ ነበረች። ስንት ዓመት በትክክል ስትሠራ የኖረች ሰዓት ድንገት ሦስት ደቂቃ፣ ያውም ልክ ሦስት ደቂቃ፣ ወደ ኋላ አትቀርም። የተገለበጠው ማሰሪያ ትዝ አለኝ። ሻዩ ከስኒው ሞልቶ ፈሰሰ። በዳዳ ሲመገብ ጀርባው ወደ ሰዓቷ ነው ብዬ ተጽናናሁ። አማቴን «አባባ፣ እስቲ ይቺን የልብስ ገመድ ያጥብቁልኝ» ብዬ ወደ ጓሮ አወጣኋቸው።

«ሰዓቷን ነክተዋታል?» አልኳቸው ድምፄን ቀንሼ።

«ነካኋት» አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ። «ሦስት ደቂቃ ቀንስ ብለውት የለ? ያችን በጎኗ የምትሳበውን ይዤ፣ ሦስት ጭረት ቆጥሬ ቀነስኩለት። እኔማ ሥራው ይኼን ያህል ቀላል መሆኑን መች አወቅሁ። አሥር ዓመት ለዚህ ነው እንዴ የሚለፋው?»

ልስቅ ነው ወይስ ላለቅስ፣ አላወቅሁም። በአማርኛችን ሰዓት ማለት የምትታሰረዋም ናት፣ የሚሮጠውም ነው፤ ቀንስ ሲባልም አማቴ የሰሙት ልክ የተባለውን ነው። የቢሮን ነገር ደግሞ አማቴ ያውቃሉ፤ ቢሮ አንዳች ነገር አምጡ ካለ ያንኑ ማምጣት ነው እንጂ ለምን አይባልም። «አባባ፣ ሰዓቷን ቀንስ ማለታቸው እኮ አይደለም» አልኳቸው። «ቶሎ ድረስ ነው ያሉት። የሚቀነሰው በእግር ነው።» አማቴ የልብሱን ገመድ እንደያዙ ቆሙ። «በእግር» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው በጣታቸው ቆጠሩ። «ታዲያ ዛሬ የሮጠው ሁለት ከአርባ ሁለት ነዋ።» አዎ አልኳቸው። «አልደረሰም ማለት ነው።» ገመዱን ለቀቁት። «በመስቀል በሰው ፊት አዋረድኩት፤ ዛሬ ደግሞ በገዛ ቤቱ አታለልኩት» አሉና ሊነግሩት ወደ ቤት ዞሩ። ጋቢያቸውን ያዝኩ። ከውስጥ በዳዳ ሲያፏጭ ይሰማል። የመስቀል ዕለት ያቆመው ፉጨት ነው። «ትንሽ ይቆይ አባባ፣ ዛሬን ብቻ» አልኳቸው። እሳቸውም ፉጨቱን ሰምተው ነበርና እሺ አሉኝ።

እንዲያ ያለ ረጅም እሑድ አላየሁም። በዳዳ ካወቀ ሩጫውን ይተዋል፣ አባቱንም ዳግመኛ አያናግራቸውም ብዬ ፈራሁ። ካላወቀ ደግሞ የካቲት ላይ በፋብሪካው ሰው ሁሉ ፊት፣ የማንም አባት በማይነካው በኮሚቴው ሰዓት ይዋረዳል። ቀትር ላይ መብሩካ ወሬውን ሰምታ ሁለት እንቁላል ይዛ መጣች፤ ለጉልበት ነው አለች። ሃያ ሃያ ሳንቲም የገባ እንቁላል ለውሸታችን ተበረከተ። አማቴ ምሳ አልበሉም። «ጥጋብ ነው» ይላሉ፣ ጧት የበሏት ሁለት ጉርሻ ናት። በዳዳ አረፍ እንዳለ እኔም ቀስ ብዬ ወደ ምስማሩ ሄድኩና ሰዓቷን ሦስት ደቂቃ ወደ ፊት ገፋኋት። ሰኞ ሥራ እንዳያረፍድ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አማቴ ከመጋረጃው ጥግ ያዩኝ ነበር። አንድ ሰዓት የነካን ሁለት ሌቦች ሆነን ዋልን።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኛው ግን ማደር እንኳ አልቻለም። ራዲዮው የምሽቱን አሥራ ሁለት ሰዓት ሲያበስር ራት ቀርቦ ነበር። በዳዳ ጉርሻውን እንደያዘ ቀና ብሎ ሰዓቷን አየ። ልክ አሥራ ሁለት ናት። ዓይኑ ከሰዓቷ ወደ እኔ መጣ። ፊቴን ወደ ሳህኑ ደፋሁ። አማቴ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ ሲያስቡበት የዋሉትን ነገር ተናገሩ።

«ለማጣሪያው እኔም እመጣለሁ» አሉ። «ሰዓት ግን አልነካም።»

አማቴ ያመለጣቸውን ቃል ሰሙትና እጃቸው ከትሪው ላይ ቀረ። ልነሳ፣ ውሃ ላምጣ፣ አንዳች ነገር ልስበር አሰኘኝ። በዳዳ ጉርሻውን ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ስጠጋው እየሳቀ ነው፤ ከልቡ፣ እንደ ልጅ።

«ዛሬ ከእኔ ይልቅ ሰዓቷ ሮጣለች» አለ። «አባባ ወደ ኋላ መለሷት፣ አንቺ ወደ ፊት አባረርሻት። ሦስት ሰዓት ላይ ራዲዮው ሲጮህ ዞሬ አይቻታለሁ እኮ ሙሉነሽ። ቀትር ላይ ተስተካክላ ሳገኛት ነው አንቺም እንደገባሽ ያወቅሁት።»

«እያወቅክ ነው ታዲያ ቀኑን ሙሉ ስታፏጭ የዋልከው?» አልኩት። ተናድጄም ነበር።

«ስገባም ጠርጥሬ ነበር» አለ፣ አሁን ሳይስቅ። «ግራሯ ጋ ስዞር ፀሐይዋ የት እንዳለች አውቃለሁ፣ እግሬንም አውቀዋለሁ። ግን አባባ ቀነስክ ብለው ጠየቁኛ። አሥር ዓመት ስሮጥ ስለ ሩጫዬ ጠይቀውኝ አያውቁም። አልቀነስኩም እንዴት ልበላቸው?» ወደ አባቱ ዞረ። «ደግሞ ውሸት ብቻ አይደለም፣ አባባ። ሁለት ከአርባ ሦስት ነበርኩ፣ ዛሬ ሁለት ከአርባ ሁለት ገባሁ። አንዷን እኔ ራሴ ቀንሻታለሁ። የቀሩኝ ሁለት ናቸው፤ እነሱን ደግሞ እስከ የካቲት በእግሬ ላምጣቸው።»

አማቴ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «በመስቀል ያልኩህን...» ብለው ጀመሩ፣ አልጨረሱትም። በዳዳ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሳቸው፤ ከጧት ጀምሮ ባዶ የዋለ አፋቸው ተቀበለው። እኔ ደብተሩን አወጣሁና ሁለት ከሠላሳ ዘጠኝ ብዬ የጻፍኩትን ልሰርዝ እርሳሱን አነሳሁ። በዳዳ እጄን ያዘ። «አትሰርዢው» አለኝ። «ከጎኑ ‹የአባባ› ብለሽ ጻፊበት። ከሥሩ ደግሞ ሁለት ከአርባ ሁለት፣ የበዳዳ።» እንዳለኝ ጻፍኩ። አማቴ ደብተሩን ተቀብለው፣ መሠረተ ትምህርት ላይ እንዳስተማሯቸው ጣታቸውን ከፊደል ወደ ፊደል እያስኬዱ አነበቡት። የ፣ አ፣ ባ፣ ባ። ሁለቴ አነበቡት።

ከዚያ በዳዳ ተነስቶ ሰዓቷን ከምስማሩ አወረደ። የአባቱን ግራ እጅ ይዞ አሰራት፤ እጃቸው ከመክሳቱ የተነሳ የመጨረሻዋ ቀዳዳ ላይ ነው የቆመችው። «ከእንግዲህ እሑድ እሑድ ሰዓት ያዤ እርስዎ ነዎት» አላቸው። «እኔስ?» አልኩ፣ የስንት ዓመት ሥራዬን ተነጥቄ። «አንቺ ጸሐፊ ነሽ» አለኝ። አማቴ እስኪተኙ ድረስ ያን እጃቸውን ከገላቸው አርቀው፣ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀመጡ፤ በስሕተት እንኳ እንዳይነኳት።